ልለቅ ነው

ማሽኑን በሽተኞቹ «አማት» ብለው ነው የሚጠሩት። ስሙን ያወጣለት ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ትንሽ ተመቸኝ፣ ቆምኩ ስትል ትገፋሃለች» ይላል። «ደግሞ ወድቀህ እንድትሰበርም አትፈልግም። ነገ የምትገፋው ሰው ታጣለቻ!»

እውነትም ማሽኑ ሥራው መግፋት ነው። ሁለት እግር የሚያስቆም ሰፊ መርገጫ አለው፤ መርገጫው ሳይታሰብ ወደ ፊት ሸተት፣ ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ከጣሪያው ብረት የወረደ ገመድ የበሽተኛውን ደረትና ጭን ከያዘ ቀበቶ ጋር ተያይዟል። ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ይከርርና አየር ላይ ያስቀረዋል። ፊት ለፊት ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ፣ ክቡ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ። ነጥቧ የሰውየው ክብደት ያረፈበት ቦታ ናት። ሲወዛወዝ ትወዛወዛለች፤ ከክቡ ስትወጣ ትቀላለች። ማሽኑ እሷን እያየ የጸናውን ጠንከር፣ የደከመውን ለስለስ አድርጎ ይገፋል።

ተራው የመስታወት ቆራጩ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ወፍራም የሆነ ሰው ነው፤ ጉልበቱ አልከዳውም። ስትሮኩ የመታው ከማጅራቱ በላይ ያለችውን ትንሿን አንጎል ስለሆነ የወሰደበት ሚዛኑን ነው። ወለሉ ጀልባ ሆኖበታል። ሚስቱ ከመርገጫው ኋላ ባለው ደረጃ ላይ ቆማ የቀኝ እጇን ጠቋሚ ጣት በሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል አሳርፋለች። አልደገፈችውም። አልያዘችውም። ነካ ብቻ።

መርገጫው ዘንበል አለ። እሱም ዘንበል ብሎ ተመለሰ። ነጥቧ ከክቡ ሳትወጣ መሐል ላይ ተረጋጋች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች የማገገሚያ ማዕከሉ ባለሙያ። ወጣት ናት፤ ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ብዙም አልቆየች። በሽተኞቹ ዶክተር ይሏታል፤ ዶክተር አይደለሁም ማለቱ ሰልችቷት ትታዋለች። «በዚህ ዓይነት በቅርቡ ቤትዎ ውስጥ ብቻዎን ይቆማሉ።»

«ሰማሽ፣ ኋላዬ?» አለ ባል አንገቱን ሳያዞር።

«ሰማሁ። አንተ ፊትህን እይ።»

ኋላዬ የሚላት በሥራቸው ምክንያት ነው። የሱቅ መስኮት የሚያህል መስታወት በአንድ ሰው አይሄድም። ከተጋቡ ጀምሮ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይዘው ከተማውን ሲያቋርጡ ኖረዋል። እሱ መንገዱን ያያል፤ እሷ እሱን ታያለች። ደረጃ ሲወጡ፣ መኪና መሐል ሲገቡ አይነጋገሩም። እርምጃው በመስታወቱ በኩል ይደርሳታል። ሊያዘግም ሲል ገና እግሩ መሬት ሳይነካ መዳፏ ላይ ታውቀዋለች።

ልጅ የላቸውም። ከሱቁ በላይ ባለችው ቤት የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እና አሁን እሷ ልትሄድ ነው። ሐኪሙ ጉበቷ ላይ ያየውን ነግሯታል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት ስትጠይቀው «ጉዳይ ካለዎት አሁኑኑ ይጨርሱ» ነው ያላት። ያላት አንድ ጉዳይ ነው፤ እሱም መርገጫው ላይ ቆሟል። ብቻውን ከአልጋው ወርዶ ብቻውን መቆም ከቻለ ቤቱ ይኖራል፤ ታናሽ እህቷ ጠዋት ጠዋት ብቅ ትልለታለች። ካልቻለ ሌላ ከተማ፣ ወንድሙ ዘንድ ነው። ወንድሙ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከወደቀብኝስ ብሎ የሚፈራ ሰው ነው፤ አልጋ ላይ ያስተኛውና እዚያው ያኖረዋል።

ለባሏ ግን ምንም አልነገረችውም። መጀመሪያ ይቁም።

ማቅለሽለሹ የመጣባት በዚያ ሰዓት ነበር። ሰሞኑን እንዲህ በድንገት ነው የሚመጣባት። አፏን በግራ እጇ ይዛ «ልለቅ ነው» አለች።

«ይዣለሁ» አለ እሱ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ጣቷን አንስታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሮጠች። በሩ ከኋላዋ ገና ሳይዘጋ ነጥቧ ከክቡ ወጥታ ቀላች፤ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፤ ባል እጆቹን አየር ላይ እያንከራተተ አንድ ጊዜ ረገጠ፣ ሁለተኛውን ሳተ፤ ገመዱ ከረረና አንጠለጠለው።

«እንዴ!» አለ ሹፌሩ ከተቀመጠበት። «አማት ዛሬ ምን በልታ ነው?»

ባለሙያዋ መልሳ አቆመችው። እንደገና ወደቀ። ስክሪኑን አጠፋችና አበራችው፤ ገመዱን ፈተሸች፤ ጎንበስ ብላ የጫማውን ሶል ሳይቀር አየች። ሰውየው እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር።

«ይዣለሁ ብዬ ጣልኩ» አለ። «ይዣለሁ ብዬ ጥዬ አላውቅም።»

ሚስቱ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ማንም ሳይነግራት ደረጃዋ ላይ ወጥታ ጣቷን ቦታው ላይ አሳረፈች። ነጥቧ የተቀማ አሻንጉሊቱ እንደተመለሰለት ሕፃን ዝም አለች።

ባለሙያዋ አንዴ ነጥቧን፣ አንዴ ጣቷን አየች።

«እስቲ ጣትዎን ያንሱት።»

«ልለቅ ነው» አለች ሚስት። «ይዣለሁ» አለ እሱ፣ ድምፁን አሳንሶ። አነሳች። ነጥቧ ሮጠች።

«ይመልሱት።»

ነጥቧ ተመለሰች።

«እኔ እኮ አልያዝኩትም!» አለች ሚስት፣ የሰረቀች ያሏት ይመስል። «ነካ ነው ያደረግኩት። ይኼን የሚያህል ሰው በአንዲት ጣት ይያዛል?»

«አይያዝም። ጣትዎ አትደግፈውም። ግን የት እንዳለ ትነግረዋለች። አንጎሉ ከእግሩና ከጆሮው የሚመጣለትን ወሬ ማመን አቅቶታል፤ ከጀርባው የሚመጣውን ግን ያምናል።»

«እና እስከ ዛሬ የቆመው?»

«ሁለታችሁ ናችሁ የቆማችሁት።»

«እኛ አውቶቡስ ላይ ለሁለት ሰው ሁለት ትኬት ነበር የምንቆርጠው» አለ ሹፌሩ። ማንም አልሳቀለትም። እሱም ወዲያው አፈረና የሚንቀጠቀጥ እጁን በሌላው እጁ ያዘ።

ባለሙያዋ የተማረችበት ማዕከል ውስጥ ቤተሰብ ከበሽተኛው ጋር አይገባም ነበር። ውጭ፣ ከትልቅ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ነው የሚያየው። እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን በመስታወት ሲያዩ ስታይ ጭካኔ መስሏት፣ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መክፈት ነው። ይግቡ፣ ከጎናቸው ይሁኑ አለች። አሁን ቀበቶውን እየፈታች የትኛው ጭካኔ እንደሆነ መለየት አቃታት።

ኮሪደሩ ላይ ሚስት ተከትላት ወጣች።

«እንደገና ከመጀመሪያው ቢጀምር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አይቸኩሉ። ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ግን...»

«ወራት የለኝም።»

ባለሙያዋ ስለ ሱቁ የምታወራ መስሏት አይዞዎት ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ የሴትየዋን ዓይን አየች። ነጩ ቢጫ ሆኗል። የሹራቧ እጅጌ የሌላ ሰው ይመስል ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ባለቤትዎ ያውቃል?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በአገጯ ወደ ክፍሉ እያሳየች።

«አያውቅም። እንዳትነግሪው፣ ልጄ።»

ባለሙያዋ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ አሰበች። «ልለቅ ነው ሲሉት ይደርቃል፤ የሚወድቀው ያኔ ነው። አይንገሩት። ሳያውቅ ጣትዎን ትንሽ ትንሽ ያንሱለት። መጀመሪያ ለአንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ለሁለት።»

«ሳልነግረው?»

«ሳይነግሩት።»

«እኛ ዘንድ አይደረግም» አለች ሚስት። እጅጌዋን ሰብስባ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የወረደውን የድሮ ጠባሳ አሳየቻት። «አዲስ ተጋቢ ሆነን ነው። አንድ መስታወት ፍሬም ውስጥ ስናስገባ የያዘው መስሎኝ ለቀቅኩ። እሱም የያዝኩ መስሎት ለቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይናገር የለቀቀ የለም። አንዱ ልለቅ ነው ይላል፤ ሌላው ይዣለሁ እስኪል እጁ አይነሳም። ብንጣላም፣ ብንኳረፍም። አንድ ሰሞን ተኳርፈን ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ ሳናወራ ሰንብተናል።»

ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ሱቁን ልምምድ ቤት አደረገችው። ከሰዓት ላይ ሰው ቀዝቀዝ ሲል መቁረጫ ጠረጴዛውን ጥግ ታስይዝና መሐል ወለሉ ላይ ታቆመዋለች። ልለቅ ነው ትለዋለች። እሱ «ቆይ» ይላል። ወይም ሰበብ ይፈልጋል።

«ሰው እያየን ነው።»

«ይይ። መስታወት ቤት ውስጥ ሆነህ ከማን ልትደበቅ ነው?»

«ጫማዬ ጠቦኛል።»

«ትናንት ሰፍቶህ ነበር።»

«ኋላዬ፣ እስቲ ተቀመጪ። ሰሞኑን ፊትሽ ጥሩ አይደለም።»

«ፊቴን ተወው። እኔ ከኋላህ ሆኜ አንተ መቼ ፊቴን አይተህ ታውቃለህ?»

ይሳሳቃሉ። ግን አይቆምም። በስንት ልመና ይዣለሁ ብሎ ጣቷ ስትነሳ እንደ ደረቀ እንጨት ይሆንና ወደ እሷ ይወድቃል፤ እሷ ደግሞ አሁን እሱን የሚያህል ሰው የምትቀበልበት ጉልበት የላትም። አንድ ቀን ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መስታወት ለማስቆረጥ የመጣች ደንበኛ በሩ ላይ ቆማ ምን እንደምትል ጠፋት።

«ግቢ፣ ግቢ» አለ እሱ ከተቀመጠበት። «ወለሉን እየለካን ነው።»

እሱ ራሱ መቁረጥ ከተወ ቆይቷል፤ እጁ የሚፈልገውን አልፎ ነው የሚሄደው። አሁን እሷ ትቆርጣለች፤ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። መቁረጫው በመስታወቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ያውቀዋል። «መሐል ላይ ደከምሽ» አላት በዚያ ቀን። እሷም አየች፤ መስመሩ መሐል ላይ ሳስቷል። መስታወቱን ስትጫነው ያለ መስመሩ ተሰነጠቀ። በዕድሜዋ በዚያ ዓይነት ስስ መስታወት ላይ አበላሽታ አታውቅም። እሱ ስብርባሪውን አይቶ ምንም አላለም። ሲቀልድ የቆየው ሰው እስኪመሽ ድረስ አልቀለደም።

በማግስቱ፣ ማዕከሉ ውስጥ፣ እነሱ ዘንድ የማይደረገውን አደረገች።

እሱ መርገጫው ላይ ነበር፤ ሹፌሩ ተራውን እየጠበቀ ያወራለታል። ፓርኪንሰን ስለያዘው እግሩ በር ላይ ሲደርስ ይቆልፍበታል፤ «በሕይወቴ ሙሉ በቀይ መብራት አልቆምም ብዬ ተቀጥቼ፣ ይኸው አሁን መብራት በሌለበት እቆማለሁ» እያለ ነው። ባል ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ላላ። እሷ ጣቷን የአንድ ክር ያህል አነሳች።

ነጥቧ አልሮጠችም።

ባለሙያዋ አየች፤ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሚስት ጣቷን አየር ላይ ሰቅላ ትንፋሿን ዋጠች። ሹፌሩ ወሬውን ቀጠለ። መርገጫው ወደ ጎን ሸተት አለ። ባል ዘመም አለ፤ ነጥቧ ከክቡ ጫፍ ደረሰች፤ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ራሱን መለሰ። ብቻውን። ያ ሰፊ ጀርባ ከፊቷ ማንም ሳይነካው ቆሞ ነበር። እንባዋ መጣ። ይኖራል፤ ቤቱ ይኖራል፤ ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ መንገዱን ያያል።

«ኋላዬ?» አለ በድንገት።

አልመለሰችለትም። ድምጿ የሚያጋልጣት መሰላት።

«ኋላዬ!» አንገቱን አዞረ። ጣቷን አየር ላይ አያት። ወዲያው ወደቀ፤ ገመዱ ያዘው። ተንጠልጥሎ ዓይኑን ከጣቷ ላይ አላነሳም።

«ሳትነግሪኝ ለቀቅሽ።»

«ቆመህ ነበር እኮ! ዶክተሯን ጠይቃት፣ ቆመህ ነበር!»

«ቆመው ነበር፣ እውነት ነው» አለች ባለሙያዋ። «ማሽኑም ገፍቶዎት ተመልሰዋል። ይኼ እኮ...»

«እሷን ነው የማናግረው። ሳትነግሪኝ ለቀቅሽ።»

ታክሲ ውስጥ እሱ በአንዱ መስኮት፣ እሷ በሌላው ያያሉ። ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ባለታክሲው ደግፎ አወረደውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። እሷ መጋረጃውን ሳትከፍት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተደገፉት መስታወቶች ሁሉ ሁለቱን ያሳዩ ነበር።

«ለምንድን ነው የምትቸኩዪው?» አላት።

«ማን ቸኮለ?»

«አንቺ። አንድ ነገር ላይ መቼም ቸኩለሽ አታውቂም። ስቱኮ እንኳ እስኪደርቅ ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂ ሴት ነሽ። ትናንት አንድ መስታወት ሰበርሽ። ዛሬ ሳትነግሪኝ ለቀቅሽ። ምንድን ነው?»

ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር። ሐኪሙ ያለውን፣ እህቷ የምታደርገውን፣ የወንድሙን ቤት፤ ሁሉንም በልቧ ደርድራው ነበር። አንዱም አልመጣላትም። ወንበሯን አስጠግታ ጣቷን ጉልበቱ ላይ አደረገች።

«ልለቅ ነው» አለችው።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ የምታወራ መስሎት ጣቷን አየ። ከዚያ እሷን አያት። የዓይኗን ቢጫ፣ የጉንጯን ጉድጓድ፣ አንገቷ ላይ የሰፋውን የሹራብ ክፈፍ፤ ከኋላው ስለምትሆን እስከዚያ ቀን በደንብ ሳያየው የቆየውን ሁሉ አየ። እጁን አንስቶ እጇን ፈለገ፤ አልፎት ሄደ፤ ተመልሶ ያዘው።



«አልያዝኩም» አላት።

«እባክህ።»

«አልያዝኩም፣ ኋላዬ። ስላልያዝኩ አትለቂም። ሕጉ እንደዚህ ነው። የራሳችን ሕግ ነው።»

«ሕጉን ያወጣነው ለመስታወት እኮ ነው።»

«አልያዝኩም።»

ከዚያ በኋላ ማዕከል መሄዱን አልተወም፤ ግን አይሠራም። እሷ አሁን ደረጃው ላይ መቆም ስለማትችል ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እሱ መርገጫው ላይ ይወጣል፤ ማሽኑ ገና በቀስታ ሲነካው ጉልበቱን ለቆ ቀበቶው ላይ ይቀመጣል። አንድም ጊዜ ራሱን ሊመልስ አይሞክርም። ባለሙያዋ ስክሪኑን ታያለች። የሚወድቅ ሰው ነጥብ ትንቀጠቀጣለች፣ ትፈልጋለች፣ ትታገላለች። የእሱ ነጥብ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሩን ከፍቶ እንደሚሄድ ሰው። ይህ መውደቅ እንዳልሆነ ገብቷታል። ሚስትም ገብቷታል። እሱ እስካልቆመ ድረስ እሷ አትሄድም፤ ያሰበው ይህን ነበር።

አንድ ቀን ሹፌሩ ከተቀመጠበት ተነሳ። ለመነሳት ራሱ ጊዜ ፈጀበት፤ እግሩ ቆለፈ፤ ሰደበው፤ ፈታው። ቀበቶው ላይ ወደተንጠለጠለው ሰው ተጠጋ።

«ስማ፣ ወንድሜ። ጡረታ ውጣ ሲሉኝ ምን እንዳደረግኩ ነግሬህ አውቃለሁ?»

«አልሰማም።»

«ትሰማለህ። ተንጠልጥለህ ወዴት ትሄዳለህ? የአውቶቡሱን ቁልፍ ደበቅኩባቸው። ጫማዬ ውስጥ። ቁልፉ ከሌለ አውቶቡሱ አይሄድም፤ አውቶቡሱ ካልሄደ እኔ ሹፌር ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እስኪመጡ፣ እስኪለምኑኝ።»

«እና?»

«በትርፉ ቁልፍ ወሰዱት።»

ባል ቀበቶው ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየው።

«ሳልሰናበተው ነው የሄደው» አለ ሹፌሩ። «በሥነ ሥርዓት ባስረክብ ኖሮ አንድ ዙር ያስነዱኝ ነበር። ሌላ ነገር አላልኩህም።» ተመልሶ ለመቀመጥ ዞረ፤ እግሩ ግን ቆለፈበትና እዚያው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ባል ወደ ግድግዳው አየ። ሚስቱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ሆኖ ጠቋሚ ጣቷ ብቻ ተዘርግታለች።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገባች።

ታናሽ እህቷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወሰደችው። ረፋዱ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ስለሆነ ክፍሉ ብርሃን ሞልቶታል። ገና በሩ ላይ ሳለ መስኮቱን አይቶ «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የገጠመው? ጠርዙ አየር ያስገባል» አለ። ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነች ነገር ተንቀሳቀሰች።

«ደግሞ እዚህም?» አለችው።

«አስተካክላቸዋለሁ፤ መቼም ዝም ብዬ አላይም።»

«በምን እጅህ?»

«አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ እሰድባለሁ። እንደ ወጉ።»

እህቷ ውኃ ላምጣ ብላ ወጣች። ውኃ ሞልቶ ነበር።

እሱ ወንበሩን ከአልጋው ጋር አስጠጋ። ፍሬኑን ያዘ። በሁለት እጁ የአልጋውን ብረት ጨብጦ ተነሳ። ጊዜ ፈጀበት፤ ወለሉ ሄደበት፤ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ እስኪመለስለት ጠበቀ። ጀርባውን ወደ እሷ አዞረ። ለዘመናት ያወቀችው እንደዚያ ነው፤ ከፊቷ፣ ጀርባውን ሰጥቷት።

«ኋላዬ» አላት። «ቦታሽ ይኸው።»

እጇን ማንሳት አቅቷት ነበር። ግን አነሳች። ጣቷ ትከሻው ድረስ አልደረሰችም፤ ወገቡ ላይ፣ የኮቱ ጠርዝ ላይ አረፈች። አንድ ወፍ ያረፈ ያህል አልከበደም። እሱ ግን ተሰማው፤ እግሮቹ ሁለቱም መሬቱን አገኙት።

እንዲህ ሆነው ቆዩ። ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ሲገፋ ይሰማል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ሳቀ።

«ልለቅ ነው» አለች።

እጆቹን ከብረቱ ላይ አነሳ። አንዱን፤ ከዚያ ሌላውን። በጎኑ አወረዳቸው። ትከሻውን አቀና። ሲናገር ድምፁ የሱቁ ድምፅ ነበር።

«ይዣለሁ።»

አልያዘም ነበር። የግራ ጭኑ ሙሉ በሙሉ አልጋው ላይ ተደግፏል። አልጋው በትንሹ ቢንቀሳቀስ ይወድቃል። እሷ ተኝታ የምታየው ያንኑ ነው፤ ፍራሹ ውስጥ የገባውን ጭን፣ አጠገቡ የጎደጎደውን አንሶላ።

«ውሸታም» አለችው።

ጣቷን ግን አነሳች።

ያረፈችው በማግስቱ ከሰዓት ነው።

ወንድሙ መጥቶ ነበር። ዕቃህን ላሳስረው አለው። ባል ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ብሎ ለመነው፤ ወንድሙም ከነፍርሃቱ እሺ ብሎ ተመለሰ። እስከመቼ እንደሆነ አልተነጋገሩም፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ወደ ማዕከሉ ሲመለስ ባለሙያዋ ቀበቶውን አጠበቀችለት። የሚስቱ ታናሽ እህት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቅፋለች። ሹፌሩ ቀልድ ፈልጎ አጣ። ከመርገጫው ኋላ ያለችው ደረጃ ባዶዋን ናት።

«ከፈለጉ እኔ ከኋላ ልቁም» አለች ባለሙያዋ። «ለጊዜው። ጣቴን...»

«አይ።»

«እሺ። ከመግፋቱ በፊት እነግርዎታለሁ።»

«አትንገሪኝ።»

ባለሙያዋ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረች። «ጋሼ፣ ዛሬ ባንጀምርስ? ሌላ ቀን...»

«ስሚ፣ ልጄ። ይዣለሁ ብያታለሁ። ስላት ዋሽቼ ነው፤ እሷም አውቃለች። አውቃ ነው የለቀቀችው።» ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ። «ውሸቱን እውነት ሳላደርግላት ምን ብዬ እኖራለሁ? አስነሺው።»

አስነሳችው። አረንጓዴዋ ነጥብ ክቡ ውስጥ በራች፤ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ግን ትፈልግ ነበር። መርገጫው ሳይናገር ወደ ጎን ሸተት አለ። እጆቹ ተነሱ፤ አንዴ ረገጠ፤ ጀርባው ላይ፣ ከሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል፣ ሸሚዙ ሥር ያለው ሥጋ ሲላወስ እስኪታይ ድረስ ጣቷን ወደ ኋላ ፈለገ። ማንም አልነበረም። ነጥቧ ቀላች። ገመዱ ከረረ።

እህቷ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች።

ባል ተንጠልጥሎ ትንሽ ቆየ። ዓይኑን በክንዱ ሊጠርግ ሞከረ፤ ክንዱ ፊቱን አልፎት ሄደ፤ ተመልሶ ጠረገው። ከዚያ በእግሮቹ መርገጫውን ፈልጎ አገኘው፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን።

«እንደገና» አለ።